ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው ሸምሱ

የሸምሱን ሞት የሰማሁት በስልኬ ነው፤ ማክሰኞ ረፋድ፣ ለአንድ ማኅበር የማስረክበውን ማህተም እየሞረድኩ ሳለ። በሰፈራችን እድር ግሩፕ ላይ አንድ ሰው «ፒያሳ ስልክ ይሠራ የነበረው ሸምሱ ትናንት አርፏል፤ ቀብሩም ተፈጽሟል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ መልእክት ተደረደረ። «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ይዘንለት»፣ «ደግ ሰው ነበር»፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጋጠሙ መዳፎች። ጸሐፊዎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ግሩፕ ላይ «ስልካችሁን ለሸምሱ አትስጡ፤ የሰው ገመና የሚበትን ነው» የተባባሉት እነሱ ናቸው። ሰው ቶሎ ይረሳል ብዬ ልፈርድባቸው አልችልም። እኔ አልረሳሁም። ወሬው የተነሣው ከእኔ አፍ ነው።

ማህተም ቀራጭ ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ፊደል መቅረጹንም፣ መጽሐፍ ማገላበጡንም፣ ልጅ ማሳደጉንም በራሴ ነው የተማርኩት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ሌላ ሰው ሲያስተምረው አይወድም። ሸምሱ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብቶኝ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ ሊያስተምረኝ ያልሞከረበት ሳምንት አልነበረም። እኔም ያልተቆጣሁበት ሳምንት አልነበረም።

ሱቆቻችን ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ መስመር ላይ ነበሩ። መስመሯ ዛሬ የለችም፤ መንገድ ሆናለች። የሸምሱ ክፍል ሁለት ሰው ካቆመች ሦስተኛው ውጭ ይቀራል። በሁለቱ ሱቆች መካከል የነበረው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው። እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ፣ እኔ ደንበኛ ስቆጣ እሱ «ቀስ ጋሼ፣ ደም ግፊት!» ይላል። ከሬዲዮ ጥገና የጀመረ፣ በቴፕ ያለፈ፣ በስልክ የከተመ ሰው ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ የሚረሳ፣ ምላሱ ከብየዳው ብረት የማይተናነስ።

አንድ ልማድ ነበረው። ደንበኛ የስልኩን ቁልፍ ሊመታ ጣቱን ሲያነሣ ሸምሱ ከወንበሩ ላይ ዞሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያደርጋል። «ዞሬያለሁ፤ ይክፈቱ» ይላል። እኛ እንስቅ ነበር። በእኛ አገር ሰው ስልኩን ለጠጋኝ ሲሰጥ ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ጀርባው ላይ ይለጥፋል፤ አለዚያም ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ይጮኻል።

«ሸምሱ! ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ነው!»

«እሰይ!» ይላል ሸምሱ። «አሁን የሰማችሁ ሁሉ እጃችሁን አውጡ። ወርቅ ቤቱ ሰምቷል፣ ሊስትሮው ሰምቷል፣ ታክሲ ውስጥ ያሉት ሰምተዋል። ውሰደውና ቀይረህ ና፤ አለዚያ አልሠራውም።»

ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት የሚሉት የጊዮርጊስ ዘካሪዎች ናቸው። በዚያ ሰፈር ደግሞ ጊዮርጊስን የማይዘክር ጥቂት ነው። ሸምሱ እስላም ሆኖ የወሩን በዓላት ከዲያቆን ይልቅ ያውቅ ነበር። «የስልኩ ፊት ላይ ማርያም ካለች ሃያ አንድ ነው፤ ገብርኤል ካለ አሥራ ዘጠኝ፤ ምንም ከሌለ የልደት ዘመን ነው። እኔ ያወቅኩትን ሌባ አያውቀውም? ቅዱሳኑን በር ጠባቂ አድርጋችሁ ቀጠራችኋቸው፤ ስማቸውን ደግሞ በሩ ላይ ጻፋችሁት!» ይል ነበር።

በእኔ ቤት ቁልፉ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ነበር፤ የሚካኤል። የእኔም፣ የሟች ባለቤቴም፣ የልጄ የእመቤትም ስልክ በዚያው ይከፈት ነበር። እንዲህ እንዲሆን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። «በአንድ ቤት ሁለት ቁልፍ የለም» እል ነበር። ይህን ስል ኩራት ይሰማኝ እንደነበር አልደብቅም።

ሸምሱ ስልክ ሲቀበል ሲሙንና ሚሞሪውን አውጥቶ በፖስታ ያደርግና ለባለቤቱ መልሶ ይሰጣል። ስልኩ የሚያድር ከሆነ ጠርዙ ላይ ስስ ወረቀት ለጥፎ ባለቤቱን ያስፈርማል። ወረቀቱ ላይ የምታርፍ ትንሽ ማህተም የቀረጽኩለት እኔ ነኝ። የሰው ስልክ ሲሠራም የፎቶ ማኅደሩን ሲነካ፣ መልእክት ሲያይ ማንም አይቶት አያውቅም። ስክሪን ቀይሮ መሥራቱን የሚፈትነው ሳይከፍት ነው።

ጻድቅ አድርጌ ልሥለው አልፈልግም፤ አልነበረም። ግትር ነበር፣ አሮጊት ይቆጣ ነበር። አንዲት እናት አንድ ቀን ስልክ ላይ ካለ ሰው ጋር እያወሩ መጥተው «ቆይ የኔ ልጅ፣ ቁጥሩ መጥቷል፣ ላንብብልህ» ሲሉ ሰማቸው። ተንደርድሮ ስልኩን ከእጃቸው ነጥቆ ዘጋው።

«ምነው ሸምሱ! የእድሩ ጸሐፊ እኮ ነው!»

«እማማ፣ የእድሩ ጸሐፊ ድምፁ እንዲህ ነው?»

«ጉንፋን ይዞኛል ብሎኛል።»

«በጉንፋን ነው ቤትዎን የሚወስደው! በስልክዎ የመጣ ቁጥር የእርስዎ ብቻ ነው። ልጅዎ ቢጠይቅ የለም። ቄሱ ቢጠይቁ የለም። እኔ ብጠይቅ ደግሞ በዚህ ጫማ ይምቱኝ!»

እማማ አለቀሱ። አላባበላቸውም። ግን አስቀምጦ፣ ዐሥር ጊዜ ደጋግሞ፣ በስልካቸው ላይ ከሚመጣው ቁጥር በተጨማሪ የሚጠየቅ፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ሁለተኛ ቁልፍ አስገባላቸው። ሲያስገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ለአገር ሁሉ በነፃ ያስገባ የነበረውን ይህን ሁለተኛ ቁልፍ እምቢ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«እኔ የምደብቀው የለኝም» አልኩት።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ የተበላሸ ማህተም ሲወጣብዎ ለምንድን ነው በመዶሻ የሚፈጩት?»

«ሌላ ሰው እንዳያነሣው ነዋ።»

«የሚደብቁት ነገር ኖሮ ነው?»

«የሰው ስም አለበት፣ ደንቆሮ!»

«እኔም የምልዎ ይህንኑ ነው» ብሎ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አወረደ።

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ። በቤቴም እንደዚያው ነበርኩ።

ወሬው በተነሣበት ዓመት እመቤት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የሕፃናት መምህርት ነበረች። እናቷ ከሞተች በኋላ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ስልኳን ጥላ ስክሪኑ ተሰበረ፤ ሸምሱ ቀየረላት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሰዓት ላይበት ብዬ ስልኳን አንሥቼ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ብዬ ብመታ አልከፈት አለ። ቀይራዋለች። ሳስተውል በየወሩ አንድ ጠዋት ሳትነግረኝ ትወጣለች፤ ስልክ ሲደወልላት ደጅ ወጥታ ታነሣለች። ወንድ ነው አልኩ። ምን ዓይነት ወንድ ነው አባት የማይነገረው? ያገባ ነው አልኩ። በሐሳቤ መልኩን ሣልኩ፣ ስሙን ለማወቅ ብቻ ቀረኝ። እሷን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት ትዋሸኛለች ብዬ አስቀድሜ ወስኛለሁ።

አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን ልትሠራ ስትወጣ ስልኳን ቻርጅ ላይ ረስታው ሄደች። ይዤው ወደ ሸምሱ ሮጥኩ።

«ክፈትልኝ» አልኩት።

አገላብጦ አየው። «የእመቤት ነው።»

«የልጄ ነው።»

«እሷስ?»

«አባቷ እኔ ነኝ እያልኩህ!»

«አባትነትዎን መቼ ካድኩ? ትምጣና ራሷ ትክፈተው። እኔ እዞራለሁ።»

«የገዛሁላት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ማህተም ሊያስቀርጽ የመጣን ሰው ደብዳቤ አምጣ የሚሉት ፊቱን ስለማያውቁት ነው? ወንድምዎ ቢመጣስ ያለ ደብዳቤ ይቀርጹለታል?»

«እሱ ሕግ ነው።»

«ይሄም የኔ ሕግ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከፍተው ያዩትን ነገር መልሰው አይዘጉትም። ይጠይቋት ጋሽ ወርቅነህ። የቡና ሰዓት ላይ ቁጭ ብለው ይጠይቋት።»

ሸምሱና ባለቤቱ ልጅ አልነበራቸውም። ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ «አንተ ልጅ ብትወልድ ኖሮ ይገባህ ነበር» አልኩት።

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ስልኩን በሁለት እጁ፣ ለሽማግሌ እንደሚሰጥ ዕቃ አክብሮ መለሰልኝ።

ከእሱ ወጥቼ ወደ አትክልት ተራ ወረድኩ። እዚያ አንድ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ «ማንኛውም ስልክ ይከፈታል» የሚል ጽሑፍ ሰቅሎ አየሁ። ማንነቴን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ሌላ ነው። «አባባ፣ የተወለደችበት ቀን መቼ ነው?» ነገርኩት። አልከፈተም። «የክርስትና ስሟስ? ማንን ነው የምትዘክረው?» ነገርኩት። አልከፈተም። «በጣም የምትወደው ሰው አለ? የሞተ?» አለኝ። የእናቷን ዕረፍት ቀንና ወር ነገርኩት። ተከፈተ።

ያን ስልክ ማንም አልሰበረውም። ልጄ ከእናቷ ሞት ሠርታ የዘጋችውን በር በአፌ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

«ለአንድ ሰዓት ይተዉልኝ» አለኝ ሰውዬው፤ «መልእክቷን ሁሉ ወደ እርስዎ ስልክ አዞርልዎታለሁ። ማኪያቶ ጠጥተው ይምጡ።» ሄጄ ጠጣሁ። ስመለስ ሁሉንም በስልኬ አገኘሁት፤ እዚያው ጥግ ላይ ቆሜ አየሁ።

ወንድ የለም። የሐኪም ቤት ወረቀት አለ፤ ፎቶ የተነሣ። የሚጥል በሽታ ይላል። የክኒን ትእዛዝ አለ። በየወሩ የምትወጣው ሐኪሟ ዘንድ ነው። ለጓደኛዋ በድምፅ የላከችው መልእክትም አለ፤ «አባዬ ካወቀ ክኒኑን ጥሎ ጸበል ነው የሚወስደኝ። ጸበሉን ጠልቼ አይደለም፤ ክኒኑን ካቆምኩ ግን ልጆቹ ፊት እወድቃለሁ። ልንገረው እልና እፈራለሁ» ትላለች።

ልጄ እኔን በደንብ ታውቀኝ ነበር። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ እንዳለችው አደርግ ነበር። ክኒኑን እጥለው ነበር።

ስልኩን ወደ ቻርጁ መለስኩ። ምንም እንዳላየ ሰው ሆንኩ። እንዴት አድርጌ ወሬውን እንደማነሣ ሳሰላስል ሁለት ሳምንት አለፈ። ያ ሰውዬ ግን አላሰላሰለም። መልእክት የምትለዋወጥበትን አፕ በዚያች አንድ ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶት ነበር፤ የምትጽፈውን ሁሉ ያነባል። አንድ ቀን «እንገናኝ፣ አለዚያ በሽታሽን አወጣዋለሁ» ብሎ በማታውቀው ስም ጻፈላት። ዘጋችው። በማግስቱ ወረቀቷ በተማሪዎቿ ወላጆች ግሩፕ ላይ ወጣ። ትምህርት ቤቱ «ለጊዜው እረፊ» አላት። ያ ጊዜ አላለቀም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፤ በግድግዳው ማዶ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ስልኬን ከእኔ በቀር የነካኸው አንተ ነህ ሸምሱ! አንተ ብቻ!»

«ተቀመጪ እህቴ።»

«አልቀመጥም!»

«እሺ ቆመሽ ክፈቺው። ዞሬያለሁ። ማስተካከያው ውስጥ ግቢ፤ የተገናኙ መሣሪያዎች የሚል አለ። ስንት ይላል?»

«ሁለት።»

«አንዱ በእጅሽ ያለው ነው። ሌላኛው?»

«ኮምፒውተር ይላል። አዲስ አበባ። ትናንት ማታ ከፍቶት ነበር ይላል… ኮምፒውተር የለኝም እኮ!»

«አስወጪው። ቀዩን ተጫኚ። በይ አሁን ቁልፍሽን ቀይሪ፤ የሰው ልደት አይሁን፣ የሰው ሞትም አይሁን። ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ አስገቢ። ለእኔም አትንገሪኝ።»

ሞረዱ እጄ ላይ ነበር። ቁልፉን ስትመታ የስልኩን ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

«ማነው?» አለች።

«እኔ አይደለሁም።»

«ማነው ታዲያ?»

ሸምሱ ያውቅ ነበር። ያን ስልክ ይዤ እሱ ፊት እንደቆምኩ፣ ምን ብዬ እንደወጣሁ ያውቃል። እኔም በግድግዳው ማዶ መቀመጤን ያውቃል። ድምፁን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ፣ «አባትሽን ጠይቂ» ቢል አለቀ።

«ማን እንዳልሆነ ነው ልነግርሽ የምችለው» አለ።

«ታውቃለህ! እያወቅክ ትደብቃለህ! እንግዲያው አንተው ነህ!»

በሩን ገፍታ ወጥታ ወደ እኔ ገባች። ዓይኗ አብጧል። «አባዬ፣ ሸምሱ ነው አይደል? እሱ ነው አይደል?»

እኔም «ስልክሽን የነካው እሱ ነው» አልኳት።

ቃሉን ስትመረምሩት ውሸት የለበትም። መጋቢት ላይ ስክሪን ቀይሯል፤ ነክቶታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ በሕይወቴ የተናገርኩት ትልቁ ውሸት ያ ነው። እናንተ አባቶች፣ ልጆቻችሁን «አትዋሹ» ስትሉ የዚህን ዓይነቱን እውነት ጨምራችሁ ከልክሏቸው።

እሷ ለጓደኛዋ፣ ጓደኛዋ ለእናቷ፣ እናቲቱ ለእድሩ ነገሩ። በማግስቱ ጠዋት ሸምሱ በሬ ላይ መጥቶ ቆመ። ግባ አልኩት፤ አልገባም።

«ያን ቀን ከእኔ ወጥተው የት ሄዱ?»

«የትም አልሄድኩም።»

«ጋሽ ወርቅነህ።»

ሞረዴን አነሣሁ።

«አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም» አለ። «እኔ ጋ መምጣትዎም የሰው ሚስጥር ነው። የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ይንገሯት።»

«ባልነግራትስ?»

«ያኔ እኔ እሸከመዋለሁ። ግን ከባድ ነው ጋሼ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው እጄን አምኖ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ?»

«ዛሬ ማታ እነግራታለሁ» አልኩት። አመነኝ። ያን ማታ እመቤት እራት አልበላም ብላ ተኛች፤ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ጥቂት ፈገግ ብላ ነበር፤ ፈገግታዋን እንዴት ላበላሽ? አልኩ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

ሸምሱ ፈራሁ ሳይል በየጠዋቱ ከፈተ። ደንበኛው እየሳሳ ሄደ። አንዷ ሴትዮ ሊሠራ የያዘውን ስልክ ከእጁ ስትቀማው አይቻለሁ። ከካፌው በረንዳ «ሸምሱ! ዛሬስ የማንን ገመና ነው የምትበይደው?» ይሉታል። ሲሰድቡት በግጥም ይመልስ የነበረው ሰው «እናንተ አምጡና ላሳያችሁ» ብሎ አንድ ሁለት ጊዜ ቀለደ፤ በኋላ እሱንም ተወው። በየቀኑ ግን ሱቁን ሊዘጋ ሲል በግድግዳው በኩል «ጋሽ ወርቅነህ፣ ደህና ይደሩ» ይለኛል። ይንገሯት ማለቱ ነበር። «ደህና ደር ሸምሱ» እለዋለሁ።

በዓመቱ መስመራችን ሲነሣ እኔ ሌላ ቦታ ተከራየሁ። እሱ ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቱ ውስጥ መሥራት ጀመረ ሲሉ ሰማሁ። ማን እስከዚያ ይሄድለታል? የገደለው የኩላሊት ሕመም ነው። ይህን ሐኪም ያውቃል፤ የሐኪምን ሥራ አልወስድም። የእኔን ሥራ ግን አውቀዋለሁ።

በዚያ ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ ቤት ገባሁ። እመቤት የጎረቤት ልጆች ታስጠናለች፤ ገና አልመጡም ነበር። ግሩፑን አይታዋለች።

«ለቅሶ ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለእሱ? አባዬ፣ እኔን እንዲህ ባደረገኝ ሰው ቤት ልትቀመጥ?»

ቆሜ ነገርኳት። ስልኳን ከቻርጁ ላይ ከማንሣቴ ጀምሬ እስከ ማኪያቶው። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«የእማዬን ቀን የነገርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሸምሱ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «ቤቱን ታውቀዋለህ?» አለችኝ። በታክሲ ውስጥ ከእኔ ጎን ባዶ ቦታ እያለ ከኋላ ተቀመጠች።

በለቅሶው ቤት የሸምሱ ባለቤት ዘይነባ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ነበረች። ወንዶቹ ዱዓ አድርገው እንደጨረሱ ተነሥቼ ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። በጉባኤ መናገር ለምጃለሁ፤ በእድርም በሰንበቴም ተናጋሪ ነኝ። ያን ቀን ግን ያለ መግቢያ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀና ብለው «አሁን ይህን ለማን ነው የሚነግሩት?» አሉኝ።

ዘይነባ ግን ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር።

«ለእኔ እንኳ አልነገረኝም» አለች። «ሦስት ዓመት ጠየቅኩት። አንተ ነህ ወይ ሸምሱ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ እያልኩ። እኔ አይደለሁም ብቻ ነው የሚለኝ። ማነው ስለው ዝም። ያልሆነ ሰው ዝም ይላል? እያልኩ…» አፏን በሻሿ ያዘች። «እኔም አላመንኩትም ነበር። ሳላምነው ነው የሞተው።»

ይቅርታ ልለምናት ነበር የሄድኩት። አልለመንኳትም። የቀማኋት ነገር በይቅርታ አይመለስም፤ ልመና መጨመርም መልሶ እሷን ማስቸገር ነው። እመቤት አቅፋት ሁለቱ አለቀሱ። እኔ በሩ አጠገብ ጫማዬን እያሰርኩ ቆየሁ።

በማግስቱ ሁሉንም በእድሩ ግሩፕ ላይ በስሜ ጻፍኩ። ሁለት ሰዎች «ያሳዝናል» አሉ። አንዱ «ያለፈ ነገር ባይነሣ» አለ። ወዲያው ከሥሩ የሠርግ ጥሪ ተለጠፈና የእኔ ጽሑፍ ወደ ላይ ተገፍቶ ሄደ። ስም ማጥፋቱ አንድ ሳምንት ያልፈጀበት ሰፈር ስም ለመመለስ አንድ ቀን አጣ።

እመቤት በዚያው ሳምንት አክስቷ ጋ ገባች። አልተጣላንም፤ ልብሷን ስታጣጥፍ ረድቻታለሁ። እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ፤ ታነሣለች።

«ክኒንሽን ወስደሻል?» እላታለሁ።

«ወስጃለሁ።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ደህና ነሽ አለኝ።»

ለአክስቷ ደውዬ ላጣራ፣ ሐኪም ቤቱ ድረስ ሄጄ ልጠይቅ የሚል ሐሳብ እስካሁን ይመጣብኛል። የድሮው አመል አልሞተም። ግን አላደርገውም። ያለኝ ማረጋገጫ ቃሏ ብቻ ነው፤ ለሌላ ማረጋገጫ መብቱም የለኝም።

«እሺ ልጄ» እላታለሁ። ስልኩን የምትዘጋው እሷ ናት።